ትርንጎ ባህር ዳር አልነበረችም

ከጠዋት ጀምሮ እየደወልሁላት ነው። ስልኩ ይጠራል። ስልኳ የሚጠራ ሰው እንዴት ሞታለች ይባላል?

በውስጥ መስመር «እውነት ነው እንዴ?» እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ አልመለስሁም። ሰው ፊት ማውራት አልችልም፤ እዚህም ብዙ ጽፌ አላውቅም። ግን አንዳንዶቻችሁ «ሴት ልጅ ብቻዋን በረሃ ምን ልትሠራ ሄደች?» ብላችሁ ስትጽፉ አየሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ።

እታለም ትርንጎ እዚህ ፍኖተ ሰላም የከብት መድኃኒት መሸጫ ያላት ናት። እህቴ አይደለችም፤ ስለምትበልጠኝ ነው እታለም የምላት። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ሳቆም ሱቋ ያስገባችኝ እሷ ናት። ከቡሬም ከሽንዲም ገበሬዎች ይመጣሉ፤ እኔ ፈርቼ ዝም ስል «ይህች ልጅ አፍ የላትም እንዴ?» ይላሉ። እሷ ታዲያ «አፍማ አላት፤ ለእናንተ በሬ አታባክነውም እንጂ» ትላቸው ነበር።

በዓመት አንድ ጊዜ አሮጌ ቪታራ መኪናዋን ትጭንና ትጠፋለች። ድንኳን፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ በሶ፣ አንድ ድስት። በደጀን አድርጋ፣ አባይን ወርዳ ወጥታ፣ አዲስ አበባ አድራ፣ ከዚያ አዋሽ ፓርክ። ከአዋሽ ደግሞ አልፋ ወደ አፋር ፓርኮች። ብቻዋን። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ በእግሯ ትሄዳለች፣ ቀትሩን ግራር ስር ትቀመጣለች፣ ሲመሽ ድንኳኗ ውስጥ ትገባለች። በቃ ይኸው ነው። ምንም ልትሸጥ አትሄድ፣ ምንም ይዛ አትመጣ።

እኔም አይገባኝም ነበር። አንድ ቀን ፎቶ ስታሳየኝ «እታለም፣ ምንም የለበትም እኮ» አልኋት። ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠጋችና በጣቷ አሰፋችው። ግራሩ ስር ሳላ የሚባለው፣ ቀንዱ እንደ ጦር የቀና የዱር እንስሳ ቆሟል። «ባዶ አገር የለም» አለችኝ። ይህን ሁልጊዜ ትላለች። ገበያተኛ ጠፍቶ ሱቁ ጭር ሲል እንኳን «ባዶ አገር የለም» ትልና ትስቃለች።

አሁን እናቷ ግቢ ውስጥ ትልቁ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። ሳየው የሷ ትንሿ ድንኳን ትዝ አለችኝ። መጀመሪያ ከሱቁ ጓሮ ስትተክላት «ይህች ደግሞ የሰርግ ናት የለቅሶ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። ሣሩ ላይ ተዘርራ ሳቀች። «የአንድ ሰው ናት፤ ሰርግም ለቅሶም አይጠራባት» አለችኝ።

እናቷ እትየ ዳሳሽ ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር። ባላቸው ሰሊጥ ሊያጭዱ ቆላ ወርደው በወባ ነው የሞቱ። ከዚያ ወዲህ ትርንጎን ቆላ እንዳትረግጥ አስምለዋት ነበር። ስለዚህ ስትሄድ «ባህር ዳር መድኃኒት ላመጣ ነው» ትላቸዋለች። እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። «አንች ዘንድ ነገር አይፈስም» ብላኝ ነበር። እኔም ኮርቼ ነበር።

በዚህ ጉዞዋ ሦስት ቀን ሳትደውል ቀረች። ኔትወርክ የለም ብዬ ዝም አልሁ።

ዛሬ ገና ሲነጋጋ ሽማግሌዎችና የእትየ ዳሳሽ የንስሐ አባት ሌሊት በስልክ የደረሰውን መርዶ ይዘው መጡ። እኛ ጎረቤቶች ተጠርተን ከኋላ ቆምን።

«ልጄ ዳሳሽ፣ የሰጠ እሱ ነው፣ የወሰደም እሱ ነው። ትርንጎ አርፋለች» አሉ አባ።

«የት?»

«ከአዋሽ ወዲያ፣ በረሃ ላይ።»

ሴቶቹ ማልቀስ ጀምረው ነበር። እትየ ዳሳሽ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። «በረሃ? ቤት ተሳስታችኋል አባ። የኔ ልጅ ባህር ዳር ናት። ይህ የሌላ ሰው መርዶ ነው፤ እናቷን ፈልጉና ንገሩ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «ምስኪን፣ የማን ልጅ ትሆን?» አሉ።

ሁሉም ተያየ። አባ ራሳቸው ግራ ገባቸው። አንዱ ሽማግሌ «ብዬ ነበር፣ የስልክ ወሬ አይታመንም» አሉና ፊታቸው በራ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ለትንሽ ጊዜ እኔም አመንሁ። እውነት ባህር ዳር ብትሆንስ? ዝም እስካልሁ ድረስ የማትሞት መሰለኝ።

«እትየ፣ ባህር ዳር አይደለችም» አልሁ። ድምፄን የሰማ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

«አንች ደግሞ ምን ታውቂያለሽ?»

«ባህር ዳር ስትል በረሃ ነው የምትሄድ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ይህ አራተኛዋ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዋን።»

አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ጥለው ወደቁ። መርዶውን ያረዳሁ እኔ ነኝ ማለት ነው። አባ አይደሉም፣ እኔ ነኝ።

በምን እንደሞተች እስካሁን የሚያውቅ የለም። ድንኳኗ ሳይከፈት ሲረፍድ የፓርኩ ጠባቂዎች ከፍተው አገኟት አሉ። ልብ ነው የሚል አለ፣ ሙቀት ነው የሚል አለ። ቀድሜ ተናግሬ ቢሆን እናቷ ያስቀሯት ነበር። ግን ደግሞ ልትሄድ ሳምንት ሲቀራት እንዴት እንደምትሆን አይቻለሁ። መደርደሪያውን እየጠረገች ታፏጭ ነበር። ይህንንስ ማስቀረት ደግ ነበር? አላውቅም። ምንም አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ እትየ ዳሳሽ አስጠሩኝ። ይቆጡኛል ብዬ እየፈራሁ ገባሁ።

«ከዚያ ስትመለስ ምን ትመስል ነበር?» አሉኝ።

«ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ግን ደስ ብሏት።»

«እሱንስ አይቻለሁ። የባህር ዳር ነፋስ ነው ትለኝ ነበር» አሉ።

እታለም፣ ይቅርታ የምጠይቅሽ ዝም በማለቴ ይሁን በመናገሬ ለይቼ አላውቅም። ለሁለቱም ይቅር በይኝ። ነገ የምታመጣሽ መኪና አባይን ታሻግርሻለች አሉ። ቀስ ብለሽ ነይ። እናትሽ ደጅ ላይ ይጠብቁሻል፤ አልተቆጡም። ስትገቢ ከባህር ዳር መጣሁ ማለት የለብሽም።