ጋሼ የሚገባባት ቦታ

ጻፍልኝ ልጄ። ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ዲንኬ ነፊ ነበር። ዲንኬ ያው የቀንድ ጥሩምባችን ነው፤ ብዙ ሆነው ነው የሚነፉት፣ ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ። ጓደኞቹ ሁሉ አለቁበት። አንተ የዲንኬውን ዜማ በኪቦርድ ስትሠራው አጠገብህ ይቀመጥና፣ "እዚህ ጋ የኔ ነው፤ አንተ ዝም በል!" ይልሃል። እየሳቅክ ቦታዋን ባዶ ትተውለታለህ። ጥርስ በሌለው አፉ "ሁ" ይላል፤ ደስ ይለዋል።

ጋሼ የሞተ ጊዜ ለቅሶው ላይ ያንኑ ዜማ ከፈትከው። የሱ ቦታ ሲደርስ ኪቦርዱ ራሱ "ሁ" አለ፤ ማንም ልብ አላለም። "ምነው፣ ባዶውን ብትተውለት?" ስልህ፣ "አያቴ፣ ዜማው ይቆረጣላ" አልከኝ።

ይቆረጥ! ሰው ሲሞት ቦታው እንኳ ባዶ ይቀራል። የጋሼን እሱንም ሞላችሁት። አሁን የት ብዬ ላልቅስለት?