የፋሮዋ ጉድጓድ

ባለፈው ሳምንት ከገላን ኮንዶሚኒየማችን ጀርባ፣ ቦዩ ዳር፣ ፋሮ አየሁ። ከድመት የምታንስ፣ ቀጭን፣ ጭራዋ ረጅም። የልጅ ልጄ ድንጋይ አነሳ። «አያቴ፣ ዶሮ ትበላለች እኮ!» እጁን ለቀም አደረግኩት። አያያዜ ጠንከር ሳይል አልቀረም፣ ልጁ ደነገጠ።

በጃንሆይ ዘመን፣ በአስራ ስምንት ዓመቴ፣ አቃቂ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥሬ ክር እፈትል ነበር። ያኔ ከጓሯችን እስከ ወንዙ ድረስ ጫካ ነው፤ ዛሬ ቢነግሩት ማን ያምናል? እዚያ ድንጋይ ክምር ስር አንዲት ፋሮ ወልዳ ነበር። ያሳዩኝ የፋብሪካው የሌሊት ዘበኛ ጋሽ ቶላ ናቸው። ቆሎ ይዘግኑልኝና አብረን እናያታለን። በሁለት የኋላ እግሮቿ ቆማ ዙሪያዋን ትቃኛለች። እንቁላል ካገኘች ወደ ኋላ በእግሮቿ መሃል ወርውራ ከድንጋይ ጋር ታላትመዋለች።

«አይጥና እባብ የምታጠፋልን እሷ ናት» ይሉኝ ነበር። «ጀምበር ስትጠልቅ እሷ ትተኛለች፣ እኔ እነሳለሁ። ፈረቃችን ለየቅል ነው።»

ስቄ አለፍኩት። ባዳምጣቸው ኖሮ!

በዚያው ዓመት በዓቢይ ጾም እናቴ ለፋሲካ ያሳደገቻቸው ዶሮዎች ሌሊት ሌሊት እየተነጠቁ ማለቅ ጀመሩ። እናቴ ላባውን እየለቀመች «ያቺ ያንቺ ፋሮ ናት!» አለችኝ። ስለምወዳት ይሆናል፣ የተከዳሁ ያህል ተናደድኩ። እሁድ ቀትር ላይ ማሽን የምንወለውልበትን ዘይት የጠጣ የጥጥ ውዳቂ ይዤ ሄድኩና ጉድጓዱ አፍ ላይ ጠቅጥቄ ለኮስኩት። በጭስ ላባርራት እንጂ ልገድል አላሰብኩም፤ ይህን ለራሴ ስንቴ እንደነገርኩት! ከውስጥ ቀጭን የግልገል ድምፅ ተሰማ። ውዳቂውን በእንጨት ጎትቼ ሳወጣ ድምፁ ጠፍቶ ነበር።

ቀና ስል ፋሮዋ ከጫካው ጠርዝ በሁለት እግሯ ቆማ ታየኛለች። አፏ ውስጥ አይጥ ይዛለች። ቀን አዳኝ ናትና አደን ላይ ነበረች።

በሦስተኛው ሌሊት ሌላ ዶሮ ተወሰደ። ጎረቤቶቻችን ወጥመድ አጠመዱ፤ ጠዋት የተያዘው ሸለምጥማጥ ነበር።

ጋሽ ቶላ «ልጄ፣ ፋሮዋ የት ገባች? አላየሻትም?» አሉኝ።

«ኧረ አላየኋትም፣ ጋሽ ቶላ።»

ቆሎ ዘገኑልኝ። ተቀበልኳቸው።

ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ነገርኩት፤ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ድንጋዩን ጣለና ትንሽ አሰበ።

«ቆይ፣ ለጋሽ ቶላስ ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም» አልኩት።

እስኪሞቱ ድረስ ባገኙኝ ቁጥር ቆሎ ይዘግኑልኝ ነበር።