ቱምቢ መያዝ ለመማር ሞያሌ ሄድኩ

ከሐዋሳ የተነሳሁት ገና ሳይነጋ ነው። ታናሽ ወንድሜ ናሆም ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ከቤት ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለልን ከኬንያዋ ሞያሌ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። አንዲት ጎረቤታችን፣ እዚያ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ሰው በመዳብ ዘንግ ከመሬት በታች ያለ ውሃ እንደሚፈልጉ፣ ካርታ ላይ ቱምቢ፣ ግንበኞች በክር የሚያወርዱትን ብረት፣ አንጠልጥለው ደግሞ የጠፋ ሰው ያለበትን እንደሚያውቁ ሰምታ ስልካቸውን አመጣችልን። ስደውልላቸው የጠፋ ሰው እንደማይፈልጉ፣ ቱምቢ መያዝ መማር ከፈለግኩ ግን እንደሚያስተምሩኝ ነገሩኝ። እናቴ በማግስቱ የአፍሪካ ካርታ ገዝታ ገባች።

ከዲላ በኋላ ቡናውና እንሰቱ እየሳሳ፣ ቡሌ ሆራን ስናልፍ መሬቱ እየቀላ ሄደ። ያቤሎ ላይ ለምሳ ወርደን የፍየል ጥብስ በላሁ። ከሜጋ ወዲያ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ኩይሳዎች በግራር መሃል ቆመዋል። ናሆም በየትኛው መስኮት በኩል ተቀምጦ ይሆን ይህን ያየው እያልኩ ነበር የምጓዘው።

ማንያታ

በኢትዮጵያው ሞያሌ አድሬ ጠዋት ፓስፖርቴን አስመትቼ ተሻገርኩ። ቦዳ ቦዳ የሚሉት ሞተር ሳይክል በጭቃና በቆርቆሮ ቤቶች መሃል አሽከርክሮ ማንያታ የሚባለው ሰፈር አደረሰኝ። ጋሽ ወርቁ በወጣትነታቸው በስደት መጥተው እዚያው የቀሩ፣ በርና መስኮት የሚበይዱ ሰው ናቸው። “ካሪቡ ልጄ፣ ግቢ። ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ እያልን እንማራለን” ብለው ተቀበሉኝ። ወተት የበዛበት ሻይ ማንዳዚ ከሚሉት በዘይት የተጠበሰ ዳቦ ጋር ጋበዙኝና ጫፋቸው እንደ ክርን የታጠፈ ሁለት የመዳብ ዘንጎች አስያዙኝ። ክንዴን ከጎኔ እንዳስጠጋ፣ ዘንጎቹን እንዳላንቅ፣ ዓይኔን መሬት ላይ እንዳልተክል አሳዩኝ።

ዳበል

በማግስቱ በጭነት መኪና ዳበል ወደሚባል መንደር ሄድን። ሰፈሩ ጉድጓድ የሚቆፍርበትን ቦታ እንዲመርጡለት ጠርቷቸው ነበር። በደረቀው ሜዳ ላይ ስራመድ፣ አንድ የግራር ጥላ አጠገብ ዘንጎቹ ቀስ ብለው ተጠላለፉ። ተመልሼ ብሞክር እዚያው ተጠላለፉ። ውሃውን ካገኘሁ ወንድሜንም አላጣውም ብዬ አሰብኩ።

ጋሽ ወርቁ ግን በሻርፓቸው ዓይኔን ሸፍነው እንደገና እንድሄድ አዘዙኝ። ስገልጠው ዘንጎቹ የተጠላለፉት ከግራሩ ብዙ ርቄ፣ አለት ላይ ነበር። እሳቸውም እንደዚሁ እንደሚሆንባቸው፣ ስለዚህ ዛፉንና አፈሩን አይተው፣ የድሮ ጉድጓዶች የነበሩበትን ሽማግሌዎቹን ጠይቀው ቦታ እንደሚመርጡ ነገሩኝ። ዘንጉን የሚይዙት፣ የመንደሩ ሰው እሱን ካላየ ስለማይቆፍር ብቻ ነው።

ማንያታ እንደተመለስን ግን አላስቻለኝም። ካርታውን ዘርግቼ የናሆምን ታሪክ ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ቱምቢውን አውጥተው ሰጡኝ። ክሩን በሁለት ጣቴ ይዤ ቀስ ብዬ ወደ ታች ሳወርደው ጆሃንስበርግ ላይ መዞር ጀመረ። እንባዬ መጣ።

“እኔም ስሰደድ ከባለቤቴ ተለያይቼ ነበር” አሉኝ። “እንዳንቺ ቱምቢ ይዤ ዓመታት ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ካርቱም ነች ይለኛል፣ አንድ ቀን ጅማ። ልቤ የሄደበት ሁሉ ይዞራል።”

“አላገኟትም?”

“ሰው ጠያይቄ አገኘኋት። ነቀምት ነበረች፤ ሌላ ትዳር ይዛ፣ ወልዳ ከብዳ። ቱምቢው አንድም ቀን ነቀምት ላይ ዞሮ አያውቅም።”

ታዲያ ይህን እያወቁ ለምን ይህን ሁሉ መንገድ እንዳስመጡኝ ጠየቅኳቸው።

“በስልክ ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?” አሉኝ።

ከዚያ የናሆምን ፎቶ ስልኬ ላይ ይዘን መናኸሪያው አካባቢ ያሉትን ምግብ ቤቶች አንድ በአንድ ጠየቅን። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሎኮ የምትባል ቦረና ሴት ግን ስልኩን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ ዞረች።

“ይሄ ልጅ እኔ ጋ ሰርቷል” አለች። “መጀመሪያ ሰሃን አጠበ፣ በኋላ ቻፓቲ ጋገረ።”

ጥቂት ሳምንት ሠርቶ ወደ ናይሮቢ በሚሄድ የጭነት መኪና እንደተሳፈረ ነገረችን። ሾፌሩን ታውቀዋለች፤ ሲመለስ የት እንዳወረደው ጠይቃ ልትደውልልኝ ቁጥሬን ያዘች፤ የእሷንም ሰጠችኝ። ናሆም ቆሞ ቻፓቲውን፣ ስሱን ቂጣ፣ ይጋግርበት የነበረውን ምድጃ አሳየችኝ። አጠገቡ ቆሜ ቆየሁ።

ሐዋሳ

ቤት ስገባ እናቴ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ቱምቢው የት እንዳሳየኝ ጠየቀችኝ። ጆሃንስበርግ ብላት ያን ቀን እንቅልፍ ትተኛ ነበር። ግን እጄ ቱምቢውን የሚያዞረው ወደምንፈልገው እንጂ እሱ ወዳለበት እንዳልሆነ አውቄ መጥቻለሁ። ያለበትን አላውቅም አልኳት፤ ከዚያ ስለ ሎኮና ስለ ሾፌሩ ነገርኳት።

ቦርሳዬን ከእጄ ተቀብላ ተቀመጠች።

“ናሆም ቻፓቲ ጋገረ? ቤት እያለ ሻይ እንኳ አፍልቶ አያውቅም” አለች። ከዚያ ደግሞ፣ “ክብ ይወጣለት ነበር?” አለችኝ።

ሎኮን ይህን አልጠየቅኳትም ነበር። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት።