ለአባ የተቀዳ ውሃ

በ1976 ዓ.ም. የሠላሳ ዓመት ሰው ነበርኩ። የከባድ መኪና ረዳት ሆኜ አሰብ እመላለስ ነበር። ሾፌሩ ጎረቤቴ ነው። ነፋስ ስልክ ውስጥ ቤታችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ስለነበር እሱ ሲያስነጥስ እኔ በዚህ በኩል «ይማርህ» እለው ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ጋሼ ነው የምለው። እሱ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፤ ሁለታችንም ከጉራጌ አገር የመጣን ነን።

ሚስቱ ሁለት ጊዜ ጽንስ ጨንግፎባታል። በሦስተኛው ስድስት ወር ሲያልፋት ጋሼ ለኪዳነ ምሕረት ተሳለ። ሆዷ ከጸና ፍልሰታን በሙሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ እህል ውሃ አልቀምስም አለ። ይህንንም በንስሐ አባቱ ፊት ነው የተናገረው፤ አባ ነው የምንላቸው። ነፋስ ስልክ ቢቀመጥ ኖሮ ችግር አልነበረውም። በነሐሴ እዚህ ሰፈር ማን ውሃ ይጠማዋል? ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰው ከሰው አይሰማማም። ግን ጾሙ በገባ በማግስቱ ለግዳጅ ተጠራን፤ ከአሰብ እህል ልናነሳ። በዚያ ዘመን ግዳጅ ከተባለ አልችልም የሚል ሰው አላየሁም።

ስንነሳ ሚስቱ በዝናቡ መኪናው ድረስ መጣች።

«አንተ፣ አልጠጣም ካለ አንቀህ አጠጣልኝ» አለችኝ።

«እኔን ይሰማኛል ብለሽ ነው፣ እትዬ?»

«አይሰማህም። ለዚህ ነው አንቀህ ያልኩህ።»

ጋሼ ከካቢናው አንገቱን አወጣ። «ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት? ሳልሞት ሚስቴን ልትወርስ ነው?»

ስንወርድ ሌሊት ሌሊት ስለነዳን ደህና ነበርን። ስንመለስ ግን ጭነን፣ በኮንቮይ፣ በቀን ሆነ። ከሰልፉ የመጨረሻዋ መኪና የእኛ ነበረች። ረፋዱ ላይ ማራገቢያውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጠሰ፣ ራዲያተሩ ፈላ። ትርፍ ቺንጋ አልያዝንም። ከፊታችን የነበረው ሾፌር ተመልሶ መጣና አየው።

«ሚሌ ደርሼ ቺንጋ የሚያመጣ ሰው እልካለሁ» አለ። አንድ ጀሪካን ውሃ ጨመረልን። «እስከዚያ ከጥላ እንዳትወጡ።»

አብረነው መሄድ አንችልም። የመንግሥት እህል በረሃ ላይ ጥሎ መሄድ ያሳስራል። አቧራው ከሩቅ እስኪጠፋ ቆመን አየነው።

በረሃን የለመደ ሰው መጀመሪያ ከካቢና ይወጣል። ካቢና ጥላ ይመስላል እንጂ ምድጃ ነው። ከሞተሩ ርቄ ተሳቢው ሥር ገባሁና የላይኛውን ትኩስ አሸዋ በአካፋ ጠርጌ፣ ቀዝቀዝ ያለው ላይ ጆንያ አነጠፍኩ። ሸራውን በፀሐይ በኩል ጋረድኩት፤ አየር እንዲገባ ከታች ክፍት ተውኩ። ሸሚዝ አይወለቅም፤ ካወለቁት ፀሐይዋ ቆዳ ላይ ነው የምትቀመጠው። ውሃም አይጋትም። ቆንጠር ጨው ተጨምሮበት በትንሽ በትንሹ ይጠጣል። ብረት አይነካም፣ ብዙ አይወራም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዓይን ያየውን ተከትሎ አይኬድም። ተከትለው የሄዱ ሰዎች አውቃለሁ፤ መኪናቸው ተገኝቷል።

«ጋሼ፣ ጠጣ» አልኩት።

«ፀሐይቱን አታያትም?»

«እሷን አይቼ እኮ ነው። በእኛ ለመንገደኛ ጾም ይፈታለታል፣ ኋላ ይከፍላል።»

«የእናንተ ደግ ነው። የእኔ ስለት ነው።»

«ልጅ እንድታገኝ አይደል የተሳልከው? አባት የሌለው ልጅ ነው የለመንከው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ረዳት ነህ ወይስ ሰባኪ?»

ተውኩት። ነጠላውን በውሃ ነከርኩና በራሱና በአንገቱ ላይ ጣልኩበት። ብብቱንም አራስኩለት።

«በቆዳዬ በኩል ልታጠጣኝ ነው?»

«ቆዳህም ተስሏል እንዴ?»

ሳቀ። ከዚያ በኋላ ያን ቀን አልሳቀም።

ቀትር ሲሆን ነፋሱ ቆመ። ዝንብ እንኳን አልነበረም። ከጭነቱ በታች ያለው ብረት ሰው በጣቱ እንደሚያንኳኳው ቋ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ቋ ይላል። የመኪናው ጥላ እየጠበበ መጥቶ እግራችን ሥር ገባ። ነጠላው ከማርጠቤ ይደርቃል። ዞር ብዬ ጋሼን ሳየው ግንባሩ ላይ ላብ የለም። ነካሁት፤ ደረቅና ትኩስ ነው። ያኔ ነው የፈራሁት። በረሃ ላይ የሚያልበው ሰው አያስፈራም፣ ላቡ የቆመ ነው የሚያስፈራው።

«ብርድ ነው» አለኝ። «ጋቢዬን አምጣልኝ።»

ጋቢውን በውሃ ነክሬ አለበስኩት። አመሰገነኝ። ድምፁ የጤነኛ ሰው ድምፅ ነው፣ ለዚህ ነው የከበደኝ። ቢቃዥ ቢጮህ ይሻል ነበር።

«ዛሬ ቦኖውን በጊዜ ከፈቱት» አለ።

«የቱን ቦኖ?»

«የሰፈራችንን ነዋ። አትሰማም?»

ያየሁትንና የሰማሁትን ነው የምጽፈው፣ የማያምን ይተወው። ሰማሁ። ከሸራው በስተኋላ ውሃ ባልዲ ውስጥ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ቆርቆሮውን እየመታ፣ ኋላ ባልዲው ሲሞላ ድምፁ እየወፈረ። አንዲት ሴት ተራዬን ወሰድሽ ብላ ትነታረካለች። ሸራውን ገለጥ አደረግሁ። አሸዋ ነው፣ ከአሸዋው በላይ የሚንቀጠቀጥ አየር። ሸራውን ስመልሰው ውሃው እንደገና መውረድ ጀመረ። ጋሼ ሊሄድ ተነሳ። ቀበቶውን ይዤ አስቀመጥኩትና እግሩ ላይ ተቀመጥኩበት። የራሴን እጅም ነከስኩ፤ ሲያመኝ ጊዜ እዚህ ነኝ አልኩ።

ውሃ በኩባያ አፉ ላይ አደረግሁለት። ጥርሱን ገጠመ። ሚስቱ እንዳለችው ልይዘው ሞከርኩ፤ ከዚያ ሁሉ ድካም ውስጥ ጉልበቱን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ገፍቶ ጣለኝ። ከኩባያው ግማሹ ፈሰሰ።

ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለ፣ ጋቢውን አስተካከለ። የሚያየው ወደ እኔ ነው፣ ግን እኔን አይደለም። በግራዬ በኩል፣ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የቆመ ሰው የሚያይ ይመስላል።

«እንደምን ዋሉ፣ አባ» አለ።

እኔ ወደ ግራዬ አልዞርኩም። ለምን እንዳልዞርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«በዚህ ፀሐይ ለምን ደከሙ?» አለ። ዝም ብሎ ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ። ጆንያው ላይ ወደ ጎን ሸሸት ብሎ ለሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀ። «ይቀመጡ። ስለቱ ከብዶኛል፣ አባ። ይፍቱኝ።»

ጠበቀ። ቋ የሚለው ብረትም ዝም አለ። የሚመልስለት የለም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ እየተገለበጠ ነው። መልስ ካላገኘ አይጠጣም፣ ካልጠጣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ እሱ ይጠልቃል። እስላም ነኝ፣ ቄስ አይደለሁም። ነፋስ ስልክ ግን ስንት የክርስቲያን ለቅሶ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ቃሉን አውቀዋለሁ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አልኩ።

ድምፁ ከአፌ ወጣ፣ ግን የሽማግሌ ድምፅ ነበር። ጉሮሮዬ ደርቆ ይሆናል።

«አሜን» አለ ጋሼ፣ አፉንም ከፈተ።

በጉንጭ በጉንጭ አጠጣሁት። እየጠበቅሁ ደግሞ አጠጣሁት። ሸሚዙን ሙሉ በሙሉ አራስኩ፣ በካርቶን አራገብኩለት። ትንሽ ነፍስ ሲዘራ በጣቱ ወደ ጎኔ አመለከተኝ።

«ለአባም ቅዳላቸው እንጂ። ከሩቅ ነው የመጡት።»

ውሃ ማባከን ነው። ግን ከእሱ ጋር ልከራከር? በጀሪካኑ ክዳን ቀድቼ በግራዬ አሸዋው ላይ አስቀመጥኩ። ጋሼን ሳራግብ ቆይቼ ዞር ስል ክዳኑ ደርቋል። በዚያ ሙቀት ውሃ ይደርቃል፣ አውቃለሁ። ሳነሳው ግን ክዳኑ ቀዝቃዛ ነበር።

አመሻሹ ላይ አንድ መኪና ቺንጋውን ይዞ መጣ። መሪውን እኔ ያዝኩ፤ ያኔ መንጃ ፈቃድ አልነበረኝም። ጋሼ ከጎኔ ተኝቶ መንገዱን ሁሉ ሲጠጣ መጣ። «አባ ፈትተውኛል» ይላል፣ ይጠጣል። እኔም ጠጣ እለዋለሁ እንጂ የፈታሁህ እኔ ነኝ አልለውም።

ነፋስ ስልክ የደረስነው በማታ ነው፣ በዝናብ። ሚስቱ ደግፋ አስገባችው። ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት፤ አባ በረሃ ድረስ እንደመጡለት፣ እንደፈቱት፣ ከእኛ ጋር ውሃ እንደጠጡ። እሷ የያዘችውን ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«የትኛው ቀን ነው?» አለች።

ነገራት።

«ያን ቀን በቀትር አባ እዚህ ነበሩ» አለች። «እዚህ በር ላይ። ዝናብ ነበር። ውሃ ስጪኝ አሉኝ። በጾም፣ በዚያ ሰዓት! ደንግጬ ሰጠኋቸው፣ በአንድ ትንፋሽ ጠጥተው ሄዱ።»

ጋሼ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «አባ እዚህ ከነበሩ እኔን ማን ፈታኝ?»

ምን ልበለው? እኔ ነኝ ብለው ስለቱን እስላም ፈታልኝ ብሎ ይበሳጭ ይሆናል። እኔ አይደለሁም ብለው ደግሞ ይብሳል።

«ሰይጣን ነው የፈታኝ» አለ። «በንስሐ አባቴ ተመስሎ።» ሚስቱ ያቀረበችለትን ውሃ በእጁ ጀርባ ገፋው። «ስለቴን አፍርሻለሁ። ከእንግዲህ ቀንም ማታም አልቀምስም፣ ጾሙ እስኪወጣ። ካልሆነ እግዚአብሔር ልጁን ይወስድብኛል።»

«ትሞታለህ» አልኩት።

«ልሙታ።»

ከንፈሩ ገና አልዳነም፣ ሽንቱ የሻይ መልክ ነበረው። ሚስቱ ለመነችው፣ አለቀሰች፣ እግሩ ላይ ወደቀች። እኔ ሰደብኩት። እሱ ግን ግድግዳ ሆነ። ቤቴ ገብቼ ጋደም አልኩ፤ በግድግዳው በኩል ሲያስል እሰማለሁ፣ ደረቅ ሳል።

በማግስቱ ጠዋት፣ የኪዳን ጸሎት ሲያበቃ፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። አባ በጥላ መጡ። ያውቁኛል።

«ምነው፣ ደህና አይደላችሁም?» አሉኝ።

«አባ፣ የእርስዎን ቃል ተናግሬአለሁ። በረሃ ላይ ጋሼን እግዚአብሔር ይፍታህ ብዬዋለሁ።»

«ጠጣልህ?»

«ጠጣልኝ። አሁን ግን ሰይጣን ነው የፈታኝ ብሎ እየሞተ ነው። ይምጡና በራስዎ አፍ ይፍቱት።»

«ያን ቀን በቀትር ከቤቴ ስወጣ ወዴት እንደምሄድ አላወቅሁም» አሉ። «ጉሮሮዬ ውስጥ አሸዋ ነበረ።»

ክንዳቸውን ይዤ ጭቃውን አሻገርኳቸው። ቤቱ ስንደርስ ሚስቱን ከውስጥ አስወጣሁ፣ እሳቸውን አስገባሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ማንም እንዳይገባ ደፉ ላይ ቆምኩ። የአባን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ጋሼ ሲውጥ ሰማሁ፤ ደግሞ ሲውጥ። ሦስተኛውን ስሰማ በሩን ለቅቄ ወደ ሥራ ሄድኩ።