ለላም የሚቆም መኪና

እኔ ያደግሁት ደሴ ነው። ዳገትና ጠመዝማዛ ለለመደ ሰው የወረታ አስፋልት ራሱ ያስፈራል። ሜዳ ነው፤ ሹፌሩን የሚያዘገየው ነገር የለም። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከመንገዱ በላይ፣ የልጆቹ መንደር ደግሞ ከመንገዱ በታች በፎገራ ሜዳ በኩል ነው። አስፋልቱን ሳያቋርጥ ክፍል የሚገባ ልጅ የለንም።

ጠዋት ልጆች ማሻገር የመምህራን ተራ ነበር። የአንደኛ ክፍል መምህርት ስለሆንኩ ነው መሰል፣ ተራው ከእኔ ላይ አልወርድ አለ። ፊሽካ እነፋለሁ፣ ቀይ ሻሽ አውለበልባለሁ፣ እጄን ዘርግቼ እቆማለሁ። ከጎንደር የሚመጣው ተሳቢ ክላክሱን አስጩሆ ያልፋል፤ ባጃጁ እንኳ በጎኔ ሾልኮ ይሄዳል። ቁጣዬ ከድሮም ቅርብ ነው፤ በእነዚያ ሹፌሮች ላይ ያወረድኩትን ስድብ ተማሪዎቼ ባይሰሙት ይሻል ነበር። መኪና የሚያዘገይ ጉብታ እንዲሠራልን ያልጠየቅነው ቢሮ የለም። "ይታያል" ተባልን፤ እስካሁን እየታየ ነው።

ከሁሉም በላይ የምታስጨንቀኝ አንዲት ልጅ ነበረች። ጆሮዋ አይሰማም። ከፊት ወንበር አስቀምጫት፣ አፍ አፌን እያየች ፊደሉን ከሁሉም ቀድማ ለየች። አስፋልቱ ላይ ግን ክላክስ አትሰማም። አንድ ጠዋት መኪና ቀሚሷን ታክኮ አለፈ፤ እሷ ዞር እንኳ አላለችም። እናቷ ከማዶ ሆና አየች። በማግስቱ ልጅቱ ቀረች።

ከሰዓት በኋላ ፍለጋ ወረድኩ። እናትየዋን ሩዝ ማሳቸው ዳር ጎንበስ ብላ አገኘኋት።

"መምህርት፣ አይልፉ" አለችኝ ቀና ሳትል። "ፊደሉ ቢቀርባት አትሞትም። መኪናው ግን ይገላታል።"

እውነቷን ነው። ልጅቱ እናቷ ጀርባ ቆማ አፌን ታያለች፤ ምን እንደምል ትጠብቃለች። ወደ መንገዱ ተመለስኩ።

አስፋልቱ ጋ ስደርስ ከብት የሚገባበት ሰዓት ነበር። የአንድ ሽማግሌ ላሞች ከላይ ከግጦሽ ሲመለሱ መንገዱን ያቋርጣሉ። ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎሩ ትልልቅ የፎገራ ላሞች ናቸው፤ አስፋልቱ ላይ ሲወጡ አካሄዳቸው ይባስ ዝግ ይላል። ያ እኔን ገፍቶ የሚያልፈው ተሳቢ ቀጥ! ከኋላው ሌላው ቀጥ! ባጃጁም ቀጥ! ክላክስ የሚባል የለም። እዚህ አገር ከብት ገጭቶ መሄድ እንደሌለ፣ መንደሩ ሁሉ እንደሚወጣበት፣ ሹፌር የተባለ ሁሉ ያውቃል።

"ለላም የቆመ ለልጅ አይቆምም?" ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። ቀጥሎ ሳቄ መጣ። ለላም ከቆመማ ይቁም!

ሽማግሌውን እስከ በረታቸው ተከተልኳቸው። ልጆቹ በሚሻገሩበት ሰዓት ከብቶቹን ቢያወጡልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

"አንች ልጅ፣ ከብት ደወል አይጠብቅም" አሉኝ። "በጊዜ ካልወጣ ምን ሊግጥ ነው?"

"ትንሽ ብቻ ያዘግዩልኝ፣ አባባ።"

የአንዷን ላም አንገት አከኩላት። "እንግዲያ ልጆቹ ዱላ እንዳይሰነዝሩባቸው። ጅራት የሚጎትት ካየሁ ቀረሁ።"

ለእናትየዋ ሄጄ ነገርኳት። አላመነችኝም፤ መጥታ በዓይኗ አየች። "እሽ" አለች በመጨረሻ። "ከብቶቹ እስካሉ ድረስ ነው። የቀሩ ዕለት እሷም ትቀራለች።"

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ላሞቹ አስፋልቱን ይይዛሉ፣ መኪናው ከወዲህም ከወዲያም ይቆማል፣ ልጆቼ በላሞቹ ጎን ይሻገራሉ። ርዕሰ መምህራችን መጀመሪያ በጫማ ስለሚገባው እበት ተነጫነጩ፤ ኋላ ግን በየጠዋቱ በር ላይ ቆመው ማየት ጀመሩ። ሹፌሮቹም ለመዱን። አንዳንዶቹ ከሩቅ ፍጥነት ያበርዱና መስኮት ላይ ተደግፈው ልጆቹን ያጫውታሉ።

ሩዙ ሲታጨድ ሌላ ስጋት መጣ። ሜዳው ለከብት ተለቀቀ ማለት ነው፤ ከብቱ ግጦሹን እዚያው ታች ካገኘ ወደ ላይ ምን ያመጣዋል? ሽማግሌውን እንደገና ለመንኩ።

"ሣሩ ደጁ ያለለትን ከብት ለሰልፍ አላወጣልሽም" አሉኝ። "ከእንግዲህ እግዜር ያሻግራቸው።"

እንቅልፍ ሳይወስደኝ አደርኩ። ጠዋት መንገዱ ዳር ስደርስ ልጆቹ ማዶ ተኮልኩለዋል። እናትየዋም አለች፤ የልጇን ክንድ ይዛ ቆማለች። ከብት የለም። ዓይኗ "አላልኩዎትም?" ይለኛል።

ከወረታ በኩል ሩዝ የጫነ ተሳቢ ብቅ አለ። ፊሽካዬን ወደ አፌ አስጠጋሁ። ገና ሳልነፋ መኪናው ማብረድ ጀመረ። አበረደ፣ አበረደና ላሞቹ የሚያልፉበት ቦታ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አወጣ።

"መምህርት! ላሞቹስ? ዛሬ የት ሄዱ?"

ወደ ሜዳው ጠቆምኩት። በእጄ ብቻ ልጆቹን ጠራኋቸው፤ ግር ብለው ተሻገሩ። በሌላው በኩል የመጣውም መኪና ቆሞላቸዋል። እናትና ልጅ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

ሹፌሩ እነሱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋ። የማዶውም እሱን አይቶ አጠፋ። ያ መንገድ ጭጭ ሲል ያን ቀን ሰማሁ። ልጅቱ አልሰማችም፤ እናቷ ግን ሰማች። ክንዷን ለቀቀቻት።

ልጅቱ ደብተሯን አቅፋ፣ አንዴ ቀኝ አንዴ ግራ እያየች፣ በዝግታ ተሻግራ እጄን ያዘች። ከላዬ ላይ ድንጋይ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ፤ መንገዱ ዳር ቆሜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

"ምን ቆመው ያዩኛል?" ብላ እናቷ ከማዶ ጮኸችብኝ። "ይግቡ እንጂ! ትምህርቱ እንዳያመልጣት!"

እኛም ገባን።