በእጅ የተሞላ ጥርስ

ሰበታ ውስጥ በምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ማከም ማለት ባብዛኛው መንቀል ነው። በሽተኛው ጉንጩን ይዞ ይገባና «ንቀይልኝ» ይላል፤ አለቃዬም ጉጠቱን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። እኔም መንቀል ተምሬያለሁ፤ ግን የሚድን ጥርስ ሲነቀል ያንገበግበኛል።

አንድ ጠዋት ከዓለም ገና አንድ ሽማግሌ መጡ። ከላይና ከታች ገጥመው የሚያኝኩላቸው መንጋጋዎች የቀሯቸው በቀኝ በኩል ብቻ ነው፤ የታችኛዋ ደግሞ ተቦርቡራለች። ቀዳዳው ውስጥ ቅርንፉድ ወትፈውበታል።

ገና አፋቸውን ሲከፍቱ መብራት ጠፋ።

«ያለ መቦርቦሪያ ሞተር አይሞላም፤ ንቀይና ገላግያቸው» አለ አለቃዬ። «በዚህ ዕድሜ ጥርስ ምን ያደርግላቸዋል?»

ደሜ ፈላ። ሽማግሌ አይበላም ያለው ማነው?

«አልነቅልም» አልኩት።

ሽማግሌውም ከሱ ጋር አበሩብኝ። «ማሎ፣ እባክሽ ልጄ፣ ንቀያትና ልረፍ።»

«ኦቦ፣ ይቺ ከሄደች ቆሎም የለ፣ ሥጋም የለ። ዕድሜ ልክዎን አጥሚት ሊጠጡ ነው?»

አፋቸውን መልሰው ከፈቱ። ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

ራሴ በሞረድ የምስላቸው የብረት መፋቂያዎች አሉኝ፤ ጫፋቸው እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ያለ፣ ከምስር የማይበልጥ። ስለታቸውን በአውራ ጣቴ ጥፍር እሞክራለሁ፤ ከተንሸራተተ ደንዟል፣ ከነከሰ ይሠራል። (ይህ ከመቀቀላቸው በፊት ነው፤ አትስጉ።) አለቃዬ «የድሮ ዕቃ» ይላቸዋል። ይበል።

ብርሃን እንዲገባ የመስኮቱን መጋረጃ ገለጥኩና ቅርንፉዱን አወጣሁ። ከዚያ የበሰበሰውን በእጄ ዙሪያውን ፋቅኩ፤ እንደ እርጥብ ቆዳ እየተላጠ ወጣ። ጤነኛው ጋ ስደርስ መፋቂያው መንከሱን ትቶ ጮኸ። ሙሌቱ ነገ ወልቆ ቢወድቅ መሳቂያ የምሆነው እኔ ነኝ።

አለቃዬ ጉጠቱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። «አልጨረስሽም?»

«አልጨረስኩም።»

የሙሌቱን ዱቄት ከፈሳሹ ጋር ለወስኩ፣ በመጠቅጠቂያው ጠቀጠቅኩ፣ ቫዝሊን በቀባሁት ጓንት እስኪደርቅ ድረስ ተጭኜ ያዝኩት። ወገቤ ተቆረጠ፤ አልለቀቅኩም።

ሽማግሌው አፋቸውን አብሰው ተነሡና መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። በእኛ ሰፈር ማንም የተነቀለ ጥርሱን ሳይዝ ከክሊኒክ አይወጣም፤ በሶፍት ጠቅልሎ ቤተሰቡን ካላሳየ መታከሙም አይታመንለትም።

«የታለች?» አሉኝ።

«አፍዎ ውስጥ!» አልኳቸው፣ በሩ ላይ የቆመው እንዲሰማ ጮክ ብዬ።