በማን ልክ ልሥራው?

አክስቴ አስመራ፣ ገጀረት ሰፈር ባለው ቤቷ ዓመት በዓመት ያንኑ ሰማያዊ ሹራብ ትተረትር ነበር። ልጇ ለትግል ሜዳ የወጣው በአሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። እሷም የነቢያት ጾም ሲገባ፣ "ዘንድሮ ደግሞ ትከሻው ሰፍቷል" ትልና ሹራቡን ተርትራ፣ ክር ጨምራ፣ ለገና አስፍታ ትሠራዋለች። ክሩን የምጠቀልለው እኔ ነበርኩ።

"እግዚአብሔርም የሚተረትረን ሊያሰፋን ነው፣ ጓለይ፣ ልጄ። ክሩን መቼም አይጥለውም" ትለኝ ነበር።

ነጻነት መጣ። ታጋዮቹ አስመራ ሲገቡ ሹራቡን በክንዷ ይዛ መንገድ ዳር ዋለች። ልጇ ግን አልመጣም። ቆይቶ መሰዋቱን ነገሩን።

ለቀስተኛው ሲበተን ተቀመጠችና ሹራቡን መተርተር ጀመረች። እኔም እየጠቀለልኩ ያንን ቃሏን ጠበቅኩ። እሷ ግን መተርተሯን ብቻ ቀጠለች።

"አክስቴ፣ አሁንስ የተረተረን ለምንድን ነው?" አልኳት።

"አይፈልጥን፣ ጓለይ። አላውቅም።"

ከዚያ ወዲያ የሹራብ መርፌ በእጇ አልነካችም። ባለፈው ሳምንት ቀበርናት። ወንበሯ ላይ የሚቀመጥ የለም፤ የተጠቀለለው ክር እኔ ጭን ላይ ነው። ልጀምረው እልና መልሼ እጠቀልለዋለሁ።

ጌታ ሆይ፣ ክሩን አልጣልኩትም። ግን በማን ልክ ልሥራው?